ፈተናዋ እስኪያልቅ የቆየው መርዶ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀን አልፏል። እኔ ግን አሁንም የተዘጋ በር አጠገብ ስቆምና ከበሩ ጀርባ ድምፅ ሲጠፋ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፍም አይሆንልኝም። እንደመጣልኝ እነግራችኋለሁ።

ለእናታችን ሦስት ነን። ነበርን ማለት አለብኝ፤ ገና አልለመድኩትም።

ትልቁ ግርማ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከአዳማ ጅቡቲ ወደብ ጭነት ያመላልስ ነበር። መካከለኛዋ ሰብለ ነርስ ናት። ድሬዳዋ በዲፕሎማ ተመርቃ ጥቂት ከሠራች በኋላ ጅቡቲ መጥታ ሄሮን አካባቢ ያለ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠረች። እኔ የመጨረሻው ነኝ። እኔንም ያመጣኝ ግርማ ነው፤ ጋቢና ውስጥ ከጎኑ አስቀምጦ። አሁን ጋሽ ታደሰ የሚባሉ የአገራችን ሰው፣ የወደብ ትራንዚተር፣ ጋር በረዳትነት እሠራለሁ። የምኖረው ካርቲየ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከሰብለ ጋር ነው። ሁለት ክፍል ተከራይተናል።

ሰብለ ዲግሪ ስትማር ነበር። ሥራ ላይ ላሉ ነርሶች ተብሎ የተዘጋጀ፣ ውጭ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ነው። ዲፕሎማ ያላት ነርስ ምን ጎበዝ ብትሆን ክሊኒኩ ከነበረችበት ከፍ አያደርጋትም። ከሥራ ስትመለስ ፎጣ ውኃ ነክራ አንገቷ ላይ ታደርግና ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። ክሊኒክ ውስጥ ፈረንሳይኛ፣ ከበሽተኛ ጋር ሶማልኛና ዓረብኛ፣ ትምህርቱ እንግሊዝኛ። ሲምታታባት የምትሳደበው በአማርኛ ነበር።

ግርማ በዚህ ትምህርት ይቀልድባት ነበር። ወደብ ጭነት ሲጠብቅ እኛ ጋ ይመጣል፤ ሽርጡን አገልድሞ ምንጣፍ ላይ ይጋደማል። "ስትመረቂ ቆቡን ላንቺ ነው ወይስ ለኮምፒውተሩ የሚያደርጉት?" ይላታል። እሷ ትስቃለች። "ወንድም ጋሼ፣ አንተ መንጃ ፈቃድህን አድስ" ትለዋለች። እሱ ግን ፒኬ ዱዝ፣ መኪኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ሲደርስ፣ ለሾፌሮቹ ሁሉ እህቴ ዶክተር ልትሆን ነው እያለ ያወራ ነበር። ነርስና ዶክተር ለእሱ አንድ ነበሩ።

የመጨረሻው ፈተና ዓርብ ጠዋት ነበር። እዚህ ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሥራ የላትም። ፈተናው የሚሰጠው እዚያው ቤታችን፣ እሷ ክፍል ውስጥ ነው። ውጭ አገር ያለ ተቆጣጣሪ በኮምፒውተሩ ካሜራ ያያታል፣ ይሰማታል። ከመጀመሯ በፊት ኮምፒውተሩን አንስታ ክፍሉን ዙሪያውን ታሳየዋለች። በሩ ይዘጋል። ስልክ አይፈቀድም። ሰው ከገባ፣ ወይም የሰው ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ከተሰማ፣ ፈተናው ይሰረዛል። ከዚህ በፊት ክሊኒኩ በሙቀት በታመመ ሰው ተጨናንቆ አልለቅሽም ስላላት አንድ ጊዜ አዛውራ ነበር። ሁለተኛ ማዛወር እንደሌለ ነግረዋታል። ከቀረች ትምህርቱን እንደገና ልትጀምረው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ወደብ በር ላይ ሰነድ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ከግርማ ጋር የሚነዳ ሽኩር የሚባል ሾፌር ነው። በዙሪያው መኪና ይጮኻል፤ በእኔም ዙሪያ መኪና ይጮኻል። አፋር ላይ መኪናው እንደተገለበጠ ነገረኝ። "እሱስ?" አልኩት። ስለ መኪናው መልሶ ነገረኝ። እንደገና ጠየቅኩት።

"አልፏል ወንድሜ። በርታ።"

መስመሩ ተቋረጠ። ከኋላዬ ያለ ሾፌር ከመንገድ ውጣ ብሎ ክላክስ ነፋ። ወጣሁ። ሌላ ያደረግኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

ጋሽ ታደሰ ቢሮ ስደርስ ሰምተው ነበር። አስቀመጡኝ፤ ውኃ ሰጡኝ። ከዚያ አዳማ ካለው አጎታችን ጋር በስልክ ተነጋገሩ። እዚህ ካለው እድራችን ሰዎችም ጋር ተነጋገሩ። ቀብሩ ሐሙስ ነው፤ ብንነሳም አንደርስም። ለሰብለ ዓርብ ፈተናዋን ስትጨርስ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲነገራት ተወሰነ። ይህን ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ፈተና ላይ ላለ ልጅ መርዶ አይነገርም። በስልክም አይነገርም። ሰው ሄዶ፣ ከብቦ፣ ደግፎ ይዞ ነው የሚነግረው።

ልወጣ ስል ጋሽ ታደሰ ትከሻዬን ያዙኝ።

"እስከ ዓርብ ቀትር ወንድምህ አልሞተም። ገባህ? ፊትህን ታጠብና ቤትህ ግባ።"

ታጥቤ ገባሁ። ሰብለ ማስታወሻ እያነበበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና "ማሙሽ፣ ዓይንህ ምን ሆነ?" አለችኝ። ሃያ ዓመት አልፎኝም ማሙሽ ነው የምትለኝ። ነፋሱ ነው፣ አሸዋ ገብቶበት ነው አልኳት። የሐምሌ ነፋስ እዚህ አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው፤ አመነችኝ። መብራት ስር አስቀምጣ የዓይኔን ሽፋን በጣቷ ገለበጠች። ቀልቷል አለችና ጠብታ አመጣች።

ጠብታው ሲወርድ እንባዬ አብሮ ወረደ። "ያቃጥላል አይደል? ቻለው" አለችኝ። ቻልኩት።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ፈራሁ። ሐዘን ይመጣል ብዬ ነበር፤ የመጣው ፍርሃት ነው። ስልኳ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። ሌላ ቤት ቢሆን ኢንተርኔቱን ነቅለው ተበላሸ ይላሉ። እኔ ያን ማድረግ አልችልም፤ ፈተናዋ በዚያው መስመር ነው የሚመጣው። ሾፌሮቹ የግርማን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አድርገውታል። እኔ አይቼዋለሁ። እሷ እስከ ፈተናው ፌስቡክ አልከፍትም ብላ ነበር፤ ግን አንድ ጊዜ ብትነካው በቃ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ አልራቅኩም። ውኃ ቀዳሁላት፣ ማራገቢያውን አዞርኩላት። ስክሪኑን በጎን አያለሁ። "ምን እንደ ዝንብ ታንዣብብብኛለህ?" አለችኝ።

አከራያችን ማዳም ሃዋ የጅቡቲ ሰው ናቸው። ልጅነታቸው ድሬዳዋ ስላለፈ አማርኛ ይናገራሉ። ግቢው ውስጥ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ቆሜ ሳለቅስ ያዙኝ። ዋሽቼ ማምለጥ አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። አዘኑ። ከዚያ ተቆጡ።

"እናንተ ሞትን እንደ ኮንትሮባንድ ትደብቃላችሁ" አሉኝ። "እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ያኔውኑ ይነገራል፣ ያኔውኑ ይቀበራል። እህቱ ናት። ሐቋ ነው።"

እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። ነገ እስከ ቀትር ብቻ አልኳቸው። ኃጢአት ነው፣ እኔ ዋሹ ብባል አልዋሽም፣ ከጠየቀችኝ እናገራለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ሰብለ ወደ ግቢው በወጣች ቁጥር ተከትያት እወጣ ነበር። ማዳም ሃዋ ሲያዩን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ወደ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ያልጠበቅኩት መጣ። ሰብለ ስልኳን አነሳችና ለእማዬ ልደውል ነው አለች። ከትንሽነቷ ጀምሮ የእማዬን ምርቃት ሳትሰማ ፈተና ተቀምጣ አታውቅም። እኔ ይህን አውቃለሁ። እንዴት እንደዘነጋሁት አላውቅም። ያን ቀን እኮ እማዬ ልጇን ቀብራ ነው የተመለሰችው። ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶታል።

"ቆይ፣ ካርድ ልግዛልሽ፣ መሃል ላይ እንዳይቆረጥ" አልኳትና ወጥቼ ሮጥኩ። ከሱቁ ጀርባ ሆኜ ለአጎታችን ደወልኩ። ልትደውል ነው አልኩት። ከበስተኋላው የሴቶች ልቅሶ ይሰማኛል። "ትንሽ አቆያት" ብሎ ዘጋው።

ካርዱን ይዤ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ሞላችው። ደወለች። ድምፁን እኔም እንድሰማ ከፍ አደረገችው። ጠራ፣ ጠራ። እማዬ አነሳችው። ከበስተኋላዋ ምንም ድምፅ የለም። ለቀስተኛውን ሁሉ ዝም አሰኝተውላት ነው መሰለኝ።

መረቀቻት። እግዚአብሔር ያቅናልሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ የጻፍሽው ይጽደቅልሽ አለቻት። ድምፅዋ ሻክሮ ድንጋይ ላይ የሚጎተት ነገር ይመስላል።

"እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው ልጄ።"

ሰብለ እንደ ነርስ ትጠይቃት ጀመር። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ አክታ አለው ወይ፣ ስንት ቀን ሆነሽ። እማዬ አንድ በአንድ መለሰችላት። በኋላ "ያ ልጅ አለ?" አለች። አለሁ እማዬ አልኳት። "እህትህን ጠብቅ" አለችኝና ዘጋችው።

ሰብለ ስልኩን አስቀመጠች። ይህ ጉንፋን አይደለም አለች። ሌላ ነገር ነው፣ ደብቃኝ ነው፤ ነገ ፈተናውን ጨርሼ ፈቃድ ጠይቄ ሄጄ ሐኪም ዘንድ ራሴ እወስዳታለሁ አለች። ሻንጣዋንም አውርዳ አልጋ ስር አስቀመጠች። ግርማ በዚህ ሳምንት ከመጣ ከእሱ ጋር እሄዳለሁ ስትል ምን እንደመለስኩላት አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ልትጀምር ስትቀመጥ መብራት ጠፋ።

እዚህ በሐምሌ መብራት መጥፋት አዲስ አይደለም። ያን ቀን ግን የምሞት መሰለኝ። ከፊት ለፊት ያለው ሱቅ ጄኔሬተር አለው። ባለሱቁን ለምኜ ገመድ በመንገዱ ላይ ጎትቼ በመስኮቷ አስገባሁላት። ማዳም ሃዋ መኪና ገመዱን እንዳይረግጠው ወንበር አውጥተው መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ሰብለ ለተቆጣጣሪው በጽሑፍ አስረዳችው። ፈቀደላት። ስትጀምር ግን አራት ሰዓት አልፎ ነበር። ስልኳን ሰጠችኝ። ክፍሉን አሳየችው፤ ባዶ ግቢያችንንም በመስኮቱ አሳየችው። በሩን ዘጋች።

ለጋሽ ታደሰ ደውዬ ዘግይታለች፣ ቆይታችሁ ኑ ማለት ነበረብኝ። በገመዱ ተጠምጄ ረሳሁት። ትዝ ብሎኝ ስደውል ተነስተው መንገድ ላይ ናቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ከእድሩ ሰዎች ጋር ገቡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገው። ወንዶቹ ከኋላ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣ ይዘዋል። ከሁሉም ኋላ ሾፌሮቹ መጡ፤ ሽኩርም አለ። በነጠላ ጫማ፣ በሽርጥ፣ አንዳንዱ ከመንገድ የመጣ አቧራ ሳያራግፍ። የግቢው በር ጥግ ተደርድረው ቆሙ።

ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ሮጬ ወጣሁ። ገና ናት፣ ተመለሱ አልኳቸው በሹክሹክታ። አንዲት ሴትዮ፣ እትዬ አልማዝ፣ ቤቷ ተቀምጣ የምን ፈተና ነው፣ ወጥታ እርሟን ታውጣ እንጂ አሉ። ጋሽ ታደሰ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

"ለመርዶ የወጣ እግር አይመለስም" አሉኝ። "ዝም ብለን እንቀመጣለን።"

ወደ ሌላው ጎን ላስቀምጣቸው ፈለግኩ። በዚያ ሰዓት ግን ጥላ ያለው ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ስር ብቻ ነው። ፀሐዩ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ተቀመጡ። መጋረጃዋ ዝግ ነው። ይህን ያህል ሰው ያለ ድምፅ ተቀምጦ አይቼ አላውቅም። የእሷ የኮምፒውተር ቁልፍ ሲንኳኳ ግቢው ውስጥ ሁላችንም እንሰማለን።

ጥቂት ቆይቶ የባለሱቁ ጄኔሬተር አስነጠሰና ቆመ። ነዳጅ አልቆበት ነው። ባለሱቁ ሞልቶ መልሶ አስነሳው፤ ብዙ አልቆየም። ኢንተርኔቱ ግን ተቋርጦ ነበር። ሲመለስ የተቆጣጣሪውን ድምፅ ሰማሁት። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው፤ ያለውን ግን ገባኝ። መስመሩ ስለተቋረጠ ክፍሉን እንደገና አሳይኝ አላት። መጋረጃውንም ክፈቺው አላት።

ወደ ክፍሏ በር ዘለልኩ። እጄ በሩ ላይ ደረሰና ቆመ። ከገባሁ ፈተናው ይሰረዛል። ወደ መስኮቱ ብሄድ ካሜራው ያየኛል። ሴቶቹን ተነሱ ልል ዞርኩ።

መጋረጃው ተገፈፈ።

ሰብለ ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ስክሪኑ ወደ እሷ፣ ካሜራው ወደ እኛ። መጀመሪያ ሴቶቹን አየች። ነጠላቸውን አየች። ከዚያ ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ግቢው በር፣ ወደ ሾፌሮቹ ሄደ። እዚያ ቆየ። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እትዬ አልማዝ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰዋል።

ተቆጣጣሪው እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው ብሎ ጠየቃት። ሰብለ በእንግሊዝኛ መለሰችለት። ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ወደ ውስጥ አይገቡም አለችው። ሌላ ነገር ጠየቃት። "አዎ፣ መቀጠል እችላለሁ" አለችው። መጋረጃውን መልሳ ዘጋች። ወንበሯ ሲሳብ ሰማሁ።

ከዚያ ቁልፉ መንኳኳት ጀመረ።

በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆምኩ። ምን ዓይነት ፍርሃት እንደነበረ ልገልጸው አልችልም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ብትወጣ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይህ ድምፅ እስካለ ድረስ በሕይወት አለች እያልኩ እሰማለሁ። የጁምዓ አዛን ተጀመረ፤ ድምፁ ሸፈነብኝ። ጆሮዬን አጠበቅኩ። ኪሴ ውስጥ የእሷ ስልክ ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ጨርሳለች ብሎ ሊያጽናናት እየደወለ ነው።

አዛኑ ሲያበቃ ቁልፉም ጸጥ ብሏል።

ጠበቅኩ። ምንም የለም። ወድቃ ይሆናል አልኩ። ልቧ ቆሞ ይሆናል አልኩ። ጋሽ ታደሰን አየኋቸው፤ እሳቸውም ተነስተዋል። ማዳም ሃዋ ከመንገዱ መጥተው ከጎኔ ቆመዋል። ክፈተው አሉኝ በከንፈራቸው። እጄ እጀታውን ያዘ። ላብ ስላለብኝ ይንሸራተታል። ለሌላ ነገር ሳይሆን ለነፍሷ ነው የምከፍተው እያልኩ፣ ግን ደግሞ ብከፍተውና ደህና ብትሆንስ፣ ይህን ሁሉ ችላ እኔ ባበላሸውስ እያልኩ፣ እዚያው ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

በመጨረሻ አንድ ቁልፍ ሲነካ ሰማሁ። አንድ ብቻ። ከዚያ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

ሰብለ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች።

ደርቃ ቆመች። አላለቀሰችም። እኔን አልፋ ጋሽ ታደሰን አየች። ጋሽ ታደሰ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ይወስዳል የሚለውን። ጀመሩት። አቋረጠቻቸው።

"ሾፌሮቹን አይቻለሁ" አለች። "እማዬ ብትሆን እነሱ አይመጡም ነበር። መቼ ተቀበረ?"

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አጥፈው ያዙ። "ትናንት ነው ልጄ" አሉ።

ትንሽ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ትናንት? እማዬ ቀብራው መጥታ ነው የመረቀችኝ?"

ያን ጊዜ ነው የጮኸችው። ሾፌሮቹ ሮጠው ደረሱና ከመሬት አነሷት። ሴቶቹ ከበቧት። ግቢው ሁሉ ሲጠብቅ የቆየውን ልቅሶ አንድ ላይ ለቀቀው። ማዳም ሃዋም በሶማልኛ እያለቀሱ ነበር።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ በኢሜይል መጣ። አልፋለች። አሳየችኝና ኮምፒውተሩን ዘጋችው። አሁን እዚያው ክሊኒክ የነርሶች ኃላፊ ናት። ሰው ሁሉ እንኳንም ደበቅናት ይላል። ማዳም ሃዋ አሁንም ኃጢአት ነው ይላሉ። እኔ የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም። ሰብለንም ስጠይቃት ስለ ክሊኒኩ ታወራኛለች።

አንድ ቀን ብቻ፣ ልብስ እያጠፈች ሳለ፣ ሳልጠይቃት ስለዚያ ጸጥታ ነገረችኝ። ጥያቄዎቹን ሁሉ ጨርሳ ነበር። የቀራት መልሱን መላኪያውን ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

"ፈርቼ ነው" አለችኝ። "ከነካሁት እወጣለሁ፤ ከወጣሁ ሞቷል። ተቀምጬ ጠበቅኩት።"

ከዚያ ልብሱን አስቀመጠችና "ለአንተስ ማን ነገረህ?" አለችኝ። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም። ወደብ በር ላይ፣ በስልክ፣ ቆሜ አልኳት። ማን ያዘህ አለችኝ። ማንም አልኳት። ተነስታ መጥታ ያዘችኝ። በወጉ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ግርማ ከሞተ ወራት ካለፉ በኋላ።

ተማምለናል። ከእንግዲህ ምንም ነገር ቢመጣ፣ ፈተናም ይሁን ሌላ፣ ወዲያው እንነጋገራለን ብለናል። እሺ አለችኝ፤ እኔም እሺ አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላመንኳትም። እሷም አላመነችኝም። ስልክ አናግሬ ስገባ ፊቴን ታየዋለች። እሷ ከእማዬ ጋር አውርታ ዝም ካለች እኔ ሥራ መሥራት አልችልም። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ብዙ እናወራለን። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ክሊኒኩ፣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ። ዝም እንዳንል ነው።